የማትሱሪ ሥዕሎች ከጃፓን ውጭ ሲታዩ፦ ምን ይመረጥ፣ እንዴት ይጓጓዝ፣ እንዴት ይሰቀል?

ብሩሽ_ያዥ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የጃፓንን የአካባቢ በዓላት፣ ማለትም ማትሱሪን፣ የምትሥል አንዲት የኪዮቶ ሠዓሊ ሥራዎቿን ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ በኮሎኝና በፓሪስ ልታሳይ እየተዘጋጀች ነው። የመግለጫ ጽሑፉና የወረቀት ጣጣው የእኔ ድርሻ ነው። ሥራዎቹ 21 ናቸው፦ በእንጨት ገበታ ላይ የተወጠሩ 14 የኒሆንጋ ሥዕሎች (በማዕድን ቀለምና በእንስሳት ሙጫ የተሠሩ)፣ አንድ ጥንድ ባለ ስድስት ክንፍ ብዮቡ (ቆሞ የሚታይ ታጣፊ መከለያ)፣ አምስት ካኬጂኩ (ተሰቅለው የሚታዩ) ጥቅልሎች፣ አንድ ደግሞ በአኦሞሪ ነቡታ (የትልልቅ ወረቀት ፋኖሶች በዓል) አሠራር የተሠራ 1.2 ሜትር ቁመት ያለው የወረቀት ፋኖስ። አብዛኞቹ የኪዮቶን ጊዮን ማትሱሪ ያሳያሉ፤ የቀሩት የነቡታና የአኪታ ካንቶ (ፋኖስ የተንጠለጠለበት ረጅም ዘንግ በሰው ላይ የሚቆምበት በዓል) ናቸው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ተመልካቹ በዓሉን የጎዳና ትርኢት ብቻ አድርጎ አይቶ እንዳይወጣ በምርጫና በቅደም ተከተል ምን ማድረግ ይቻላል? ማሞቂያ የሚያደርቀው አየር ሙጫውንና ወረቀቱን ምን ያደርገዋል? ፋኖሱን አዳራሽ ውስጥ ማብራት ይፈቀዳል? ጉምሩኩስ በካርኔ (ዕቃን ለጊዜው ያለ ቀረጥ በሚያስገባ ሰነድ) ይሻላል ወይስ በመደበኛ መንገድ?

---

የምሽት_ከበሮ

ከምርጫው ልጀምር፤ ብዙ ዐውደ ርእይ የሚበላሸው እዚያ ነውና። ጊዮን ሲባል ሁሉም የሚሥለው ጁላይ 17 ጠዋት የሚወጡትን ያማና ሆኮ የሚባሉ ሠረገሎች ነው። ትልልቆቹ ሆኮዎች ጫፋቸው 25 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ክብደታቸውም እስከ 12 ቶን ነው፤ ዓይን ይስባሉ። ይህ ግን የበዓሉ ደጅ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። የጠዋቱ ሰልፍ ከተማዋን ያነጻል፤ የያሳካ መቅደስ አማልክት በሦስት ሚኮሺ (በሸክም የሚሄድ መቅደስ) ሆነው በሰው ትከሻ የሚወጡት በዚያው ቀን ምሽት ነው። ኦታቢሾ በሚባለው ማረፊያ ቆይተው ጁላይ 24 ማታ ይመለሳሉ። ከ14ቱ ገበታዎች ውስጥ የምሽቱ ጉዞ ከሌለበት፣ ተመልካቹ የሚያየው እንግዳው ያልመጣበትን ድግስ ነው።

ስለዚህ በውበት ሳይሆን በቀን ቅደም ተከተል ስቀሏቸው። መጀመሪያ የገመዱ ሥራ፦ ሆኮዎቹ ከጁላይ 10 ጀምሮ ሲተከሉ መዋቅራቸው የሚታሰረው በሣር ገመድ ነው፤ ሚስማር የለውም፤ ናዋጋራሚ ይሉታል። ቀጥሎ የዋዜማው ምሽቶች (ከ14 እስከ 16) ከነፋኖሶቻቸው። ከዚያ ሰልፉ፤ ከሰልፉም ውስጥ ማዕዘን ላይ የሚዞሩበት ቅጽበት። የሆኮ መንኮራኩር ቀጥ ብሎ ብቻ ስለሚሄድ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከሥሩ ይነጠፋል፣ ውኃ ይፈስበታል፣ ጎታቾቹም በጎን ስበው ያንሸራትቱታል። ቀጥሎ መፍረሱ፤ ሠረገሎቹ ሰልፉ እንዳበቃ ወዲያው ይፈታሉ። ለምን ቢሉ፣ በመንገድ የሰበሰቡት ክፉ ነገር ከተማው ውስጥ እንዳያድር ነው። የመፍረሱ ሥዕል ካለ ወደ ጥግ አትግፉት፤ በዓሉ ለምን እንደተጀመረ የሚናገረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ869 ወረርሽኝ ሲነሣ በጊዜው በነበሩት 66 አውራጃዎች ቁጥር 66 ሆኮ፣ ማለትም ረጃጅም ጦር፣ በሺንሰንኤን ተተክሎ ነው የተጀመረው። መጨረሻ ላይ የምሽቱ ሚኮሺ።

ለአውሮፓ ተመልካች ግሩም መግቢያ የሚሆነው ደግሞ ካንኮ-ቦኮ ነው። የዚህ ሆኮ የፊት መጋረጃ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በፍላንደርስ የተሸመነ ነው፤ የሚያሳየውም ርብቃ ለአብርሃም አገልጋይ ውኃ ስታጠጣ፣ የኦሪት ዘፍጥረትን ታሪክ ነው። ሠዓሊዋ ይህን ሠረገላ ሥላ ከሆነ በሩ አጠገብ አድርጉት። ሰው የሚያውቀውን ነገር በሩቅ አገር ጎዳና ላይ ሲያገኘው ቆም ይላል፤ ከቆመ ደግሞ የቀረውን ያነባል።

መግለጫ ጽሑፉ ለአንድ ሥዕል ከ60 እስከ 80 ቃል ይብቃው፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ በሥዕሉ ላይ ማን ምን እያደረገ እንደሆነ። ማትሱሪ ‘ማትሱሩ’ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ አምላክን ማክበር፣ ማገልገል ማለት ነው። ‘ካርኒቫል’ የሚለው ቃል አንድ ቦታ እንኳ ከገባ ሌላው ማብራሪያ ሁሉ ይከሽፋል። ‘ሚኮሺ’ የሚለውም እንዳለ ይቀመጥና ‘አምላኩ ለጉዞው የሚያድርበት በሸክም የሚሄድ መቅደስ’ የሚል ይከተለው። በአማርኛ ስትጽፉ ‘ታቦት’ ማለት ያጓጓል፤ ግን አንባቢው የራሱን ትርጉም ይዞ ስለሚመጣ የጃፓኑን ይሸፍንበታል።

ፈቃድን በተመለከተ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የነቡታ ሠረገላ የነቡታ-ሺው፣ ማለትም የሠሪው ጌታ፣ የራሱ የፈጠራ ሥራ ነው። የአንድን ዓመት ነቡታ እንዳለ ሥሎ መሸጥ የሌላ ሠዓሊን ሥራ መቅዳት ስለሚሆን ቀድማችሁ ጠይቁ። በጃፓን የቅጂ መብት ሠሪው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ከጊዮን ሆኮዎች አንዱ በሆነው ናጊናታ-ሆኮ ላይ የሚቀመጠው ሕፃን (ቺጎ) ፊቱ የሚለይ ከሆነም የቤተሰቡን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ሚኮሺን ከላይ ሆኖ ማየት ነውር ነው፤ በሚያልፍበት መንገድ ላይ በፎቅ መስኮት ቁልቁል የሚመለከት ሰው ይገሠጻል። አዳራሹ ሰገነት ካለው የሚኮሺን ሥዕል ከሰገነቱ ሥር አትስቀሉ።

---

ጎፉን_አሺ

የሙጫውን ልመልስ። ኒካዋ፣ የሥዕሎቹ የእንስሳት ሙጫ፣ ከእንስሳት ቆዳ የሚቀቀል ነው፤ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲረጥብ ይላላል። ኪዮቶ ውስጥ 60 በመቶ እርጥበት ላይ የተሠራ ሥዕል፣ ማሞቂያ እየሠራ እርጥበቱ ወደ 25 በመቶ የወረደ አዳራሽ ሲገባ ወረቀቱም፣ ሙጫውም፣ ከሥር ያለው እንጨትም በአንድ ላይ ይኮማተራሉ፤ ግን እኩል አይደለም። ቀለሙ መጀመሪያ ወፍራም ቦታው ላይ ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎ የስንጥቁ ጫፍ እንደ ዓሣ ቅርፊት ብድግ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ሲነቃነቅ ይረግፋል።

የቱ ሥዕል እንደሚያሠጋ የቀለሙን ቁጥር ጠይቃችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። የኢዋ-ኤኖጉ (የማዕድን) ቀለም በደቃቅነቱ ቁጥር ይሰጠዋል፦ 5 ቁጥር በጣት ሲነካ እንደ አሸዋ ይሻክራል፣ 13 ቁጥር እንደ ዱቄት ነው፣ ከዚያም በላይ የደቀቀው ‘ብያኩ’ ይባላል። እየደቀቀ በሄደ ቁጥር ቀለሙም እየነጣ ይሄዳል፤ ጥልቅ ሰማያዊ የሌሊት ሰማይ የሚገኘው ከሻካራው ነው። ሻካራው ደግሞ ከባድ ስለሆነ ጠንከር ያለ ሙጫ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ተላጭም እሱ ነው። የዋዜማ ምሽት ሥዕሎች ሰማያቸው ሰፊ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድማችሁ እነሱን መርምሩ። ክፍሉን አጨልማችሁ የእጅ ባትሪ ከሥዕሉ ጎን ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ብታበሩ የተነሣ ጫፍ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ያንኑ ፎቶ አንሡና ከየሥዕሉ የሁኔታ መዝገብ ጋር አያይዙት፤ ሥዕሉ ሲመለስ በዚያው ማዕዘን ደግሞ ይነሣል። የተነሣ ቅርፊት ከተገኘ ቀጭን ሙጫ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ከሥሩ ማስገባት የጥበቃ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ሠዓሊዋም ብትሆን በራሷ አትሞክረው።

ያላለቁ ሥዕሎች ካሉ፦ ሙጫ ሲበዛ ይጠነክራል ማለት ስሕተት ነው። የበዛ ሙጫ ሲደርቅ ቀለሙን ከወረቀቱ ይነቅለዋል። 10 ግራም ደረቅ ኒካዋ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ሌሊቱን ይዘፈዘፍና በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ይሟሟል። እሳት ላይ ከፈላ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። የወረቀቱ መደብ (ዶሳ) ደግሞ በ1 ሊትር ውኃ 15 ግራም ያህል ኒካዋና 5 ግራም ያህል አሉም ነው። አሉም ሲያንስ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ይዳምናል፤ ሲበዛ ወረቀቱ አሲድ ይይዝና በዓመታት ውስጥ ይሰባበራል።

ነጭ የፋኖስ ወረቀትና ጣቢ (ጣት የሚለይ የጃፓን ካልሲ) የሚሣሉበት ጎፉን፣ ከኦይስተር ዛጎል የሚሠራው ነጭ፣ ብቻውን የሚሰነጠቅ ከሆነ ጥፋቱ የአየሩ ሳይሆን የመታሸቱ ነው። ዱቄቱ በሙቀጫ ውስጥ ሻካራነቱ እስኪጠፋ ይፈጫል፣ ሙጫው በጠብታ ይጨመራል፣ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስልሶ ሲያያዝ ይድቦለቦላል፤ ከዚያ ሳህን ላይ መቶ ጊዜ ያህል ይወረወራል። ውርወራው ቁም ነገር አለው፤ ሙጫው በየቅንጣቱ ዙሪያ የሚደርሰው በዚያ ነው፤ አየሩም ይወጣል። በ30 ላይ ያቆመ ሰው ነጩ ሲደርቅ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቅበታል።

ለአዳራሹ በውል የምትጽፉት፦ እርጥበት ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ ሙቀት ከ20 እስከ 22 ዲግሪ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የእርጥበቱ ለውጥ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ። አዳራሹ ይህን አልችልም ካለ ገበታዎቹ ፊታቸው በአክሪሊክ፣ ጀርባቸው በታሸገ ክፈፍ ይግቡ፤ ከጀርባው ውስጥ 55 በመቶ ላይ የተስተካከለ አርት ሶርብ (እርጥበትን የሚያመጣጥን ቁስ) ይቀመጥ። ሣጥኖቹ አዳራሹ ከደረሱ በኋላ ሳይከፈቱ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆዩ። የመክፈቻው ቀን ደርሶብን ብሎ በሁለት ሰዓት መክፈት ጉዞው ራሱ ካደረሰው የበለጠ ጉዳት ያመጣል።

ብርሃን 50 ሉክስ። የማዕድን ቀለሞቹ ራሳቸው ብርሃንን ይችላሉ፤ የማይችሉት ከዕፅዋትና ከነፍሳት የሚገኙት ቀዮችና ቢጫዎች ናቸው። በጣም ለሚነካቸው ቀለሞች በዓመት የሚመከረው ጣሪያ 15,000 ሉክስ-ሰዓት ነው፤ በ50 ሉክስ ሲሰላ 300 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን 8 ሰዓት ከተከፈተ 37 ቀን ገደማ። የእናንተ ዐውደ ርእይ አራት ወር ነው። ከሱፍ ተክል (ሳፍላወር) የሚገኝ ቀይ (ቤኒ) ያለባቸው ጥቅልሎች ካሉ በፈረቃ ይሰቀሉ፤ አምስቱም አንድ ላይ አይታዩ።

---

ክንፍና_ጥቅልል

ከላይ ስለ ሚኮሺና ስለ ሰገነት የተባለው ለመንገዱ ትክክል ነው፤ ለሥዕል ግን እንደ ሕግ ባይወሰድ እመርጣለሁ። የኪዮቶን ከተማ የሚያሳዩት የድሮ ብዮቡዎች (ራኩቹ ራኩጋይ) ጊዮንን የሚሥሉት ከወርቅ ደመና በላይ ሆነው ቁልቁል ነው። በዮነዛዋ ከተማ ያለው፣ የሠዓሊው ካኖ ኤይቶኩ የሆነው፣ የጦር መሪው ኖቡናጋ እ.ኤ.አ. በ1574 ለሌላው የጦር መሪ ለኡኤሱጊ ኬንሺን እንደላከው የሚነገረው ጥንድ አንዱ ነው። የሠዓሊዋ ብዮቡ ከላይ የሚያይ ከሆነ ይህን ወግ ይዞ ነው፤ ድፍረት አይደለም። መግለጫው ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጉበት፤ የጃፓን ጎብኚ ይጠይቃችኋልና።

አሁን ብዮቡው። አውሮፓ ውስጥ ተደጋግሞ የማየው ስሕተት መግቢያው በግራ በኩል መሆኑ ነው። ጥንዱ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ በግራ የገባ ጎብኚ መጀመሪያ የሚያገኘው የታሪኩን መጨረሻ ነው። መግቢያውን በቀኝ ማድረግ ካልተቻለ በሩ ትይዩ የሆነ ግድግዳ ምረጡ፤ ሰው ሁለቱንም ክንፎች ከሩቅ አይቶ በራሱ ወደ ቀኝ እንዲያመራ።

ብዮቡን እንደ ግድግዳ ሥዕል ዘርግቶ መስቀልም አይገባም። ክንፎቹን የሚያያይዘው የወረቀት ማጠፊያ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲታጠፍ የተሠራ ነው፤ ሠዓሊውም የሣለው መታጠፉን አስቦ ነው። ሰልፈኛው በወጣው እጥፋት ላይ ይቀርባል፣ በገባው ላይ ይርቃል። ሲቆም ክንፎቹ ዚግዛግ ይሁኑ፤ በጣም ከተከፈተ በራሱ አይቆምም፣ አንድ ሰው ልብሱ ቢነካው ይወድቃል። ከኋላ ከሥሩ የሚደግፍ ክብደት አድርጉ። መድረኩ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይብቃው፤ ብዮቡ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ልኬት ነው፤ ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር ጎዳናው ወደ ሰማይ ይሸሻል።

የወርቅ ቅጠሉ መብራት ከላይ በቀጥታ ከወረደበት ያንጸባርቅና ሥዕሉን ያጠፋዋል። በፊት የሚታየው ከጎንና ከታች በሚመጣ ደካማ ብርሃን ነበር። በ2,700 ኬልቪን ያለ ሞቅ ያለ ኤልኢዲ ከዝቅታ አስቀምጡና ወደ ጎን ስትራመዱ ልብ ብላችሁ እዩት፦ 10.9 ሴንቲ ሜትር ካሬ የሆኑት ቅጠሎች የተደራረቡበት መስመር መጀመሪያ ብቅ ይላል፣ ደመናው ይጨልማል፣ የፋኖሶቹ ረድፍ ብቻውን ይቀራል። በኪዮቶ የዋዜማው ምሽቶች ነባር ቤቶች ብዮቡዎቻቸውን ለመንገደኛ ከፍተው የሚያሳዩበት ልማድ አለ፤ ብዮቡ ማትሱሪ ይባላል። ስለዚህ ብዮቡው የበዓሉ ሥዕል ብቻ ሳይሆን የበዓሉ ዕቃ ጭምር ነው፤ ይህን በመግለጫው ላይ ጻፉት።

በነገራችን ላይ፣ ‘የበዓል ሥዕል ዝቅ ያለ ዘርፍ ነው’ የሚል የሙዚየም ሰው ካጋጠማችሁ የኦቡሴን ከተማ አንሡለት። ሠዓሊው ሆኩሳይ ከሰማንያ ዓመቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1844 እና በ1845 የሁለት የበዓል ሠረገሎችን ጣሪያ ሥሏል፤ በአንዱ ዘንዶና ፊኒክስ፣ በሌላው ሁለት ማዕበል። ሠረገሎቹ አሁንም በኦቡሴ ሆኩሳይ-ካን ሙዚየም አሉ።

ጥቅልሎቹ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሻካራ ማዕድን በወፍራሙ የተቀባበት ሥራ ጥቅልል መሆን የለበትም፤ በተጠቀለለ ቁጥር ይሰበራል። በደረቅ አየር ደግሞ ሁለቱ ጠርዞች ወደ ውስጥ ይቆለመማሉ፤ በዘንጉ ጫፎች ላይ የሚንጠለጠለው ፉቺን የሚባል ክብደት ያስተካክለዋል፤ ግን ኃይለኛ መቆልመም ከሆነ ማውረድ ነው የሚሻለው። ሲጠቀለል ላላ ተደርጎ፣ በኪሪ (ፓውሎውኒያ) እንጨት ሣጥኑ ውስጥ። ሣጥኑን ‘ቦታ ይይዛል’ ብላችሁ አትተዉት፤ ኪሪ የእርጥበትን መውጣት መውረድ ያለዝባል።

---

ብሩሽ_ያዥ

እጅግ አመሰግናለሁ። የመፍረሱ ሥዕል አለ፤ የምሽቱ ሚኮሺም አንድ ገበታ አለ። ስለ ፋኖሱ የምታውቁ ካላችሁ ብትጨምሩልን። ሠዓሊዋ በመክፈቻው ሰሞን ለ15 ሰው አጭር ዐውደ ጥናትም ማካሄድ ትፈልጋለች።

---

ሰም_አቅላጭ

የነቡታ ፋኖስ ሽቦ አጽም፣ በላዩ ዋሺ (የጃፓን) ወረቀት፣ ጥቁር ሱሚ ቀለም፣ ሰም፣ ቀለም ነው፤ ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው። ድሮ አጽሙ ቀርከሃ፣ ብርሃኑም ሻማ ነበር። አኦሞሪ ላይ ከኦገስት 2 እስከ 7 የሚወጡት ትልልቆቹ 9 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ቁመት ድረስ ናቸው፤ የእናንተ 1.2 ሜትሩ በዚያው ሥርዓት የተሠራ ታናሽ ነው። ጎብኚው አውሬ ፊት ብቻ አይቶ እንዳያልፍ ትልቁ ስንት እንደሆነ ጻፉለት፤ አጠገቡም የሰው ቁመት ያለበት ንድፍ ይኑር።

እሳት ጥበቃው፦ ጀርመን ውስጥ ለአዳራሽ ማስጌጫ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቢ1 የሚባለው እሳት የመቋቋም ደረጃ ነው፤ ፈረንሳይ ኤም1። ሰም የጠጣ ወረቀት ይህን አያልፍም። እሳት መከላከያ ፈሳሽ ልርጭበት የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ በተጠናቀቀ ነቡታ ላይ አይረጭም፣ ጨውነት ስላለው ቀለሙን ነጠብጣብ ያደርገዋል፣ እርጥበትም ይስባል። የሚሠራው መንገድ ፋኖሱን እንደ ጥበብ ሥራ አስመዝግቦ በአክሪሊክ ሣጥን ውስጥ ወይም ከጎብኚ በሚያርቅ ገመድ ማቆም፣ ውስጡን በዝቅተኛ ቮልት ኤልኢዲ ማብራት፣ ትራንስፎርመሩን ከፋኖሱ ውጭ ማስቀመጥ ነው። የኤሌክትሪክ ንድፉን ከፎቶ ጋር ለአዳራሹ የደኅንነት ኃላፊ ከሁለት ወር በፊት ላኩ፤ መክፈቻው ዋዜማ ላይ ‘አይበራም’ ከተባለ የሚከራከሩበት ጊዜ የለም። ያልበራ ነቡታ ደግሞ ግማሽ ነቡታ ነው።

ደረቅ አየር ፋኖሱን እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥረውና ወረቀቱ ከሽቦው ጋር በተጣበቀበት ስፌት ይሰነጠቃል። ከዚያው ወረቀት ጥቂት ቁራጭ፣ ከዚያው ቀለም ትንሽ ጠርሙስ አብሮ ይሂድ። ጥገናው ከውስጥ በኩል በስንዴ ስታርች ሙጫ ነው፤ ከውጭ የተለጠፈ ሲበራ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። በሣጥኑ ውስጥ ፋኖሱ የሚያዘው በመሠረቱ እንጨት ብቻ ይሁን፤ ወረቀቱን የሚነካ ስፖንጅም ሆነ ጨርቅ አይኑር፣ በየአቅጣጫው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይቅር።

ለዐውደ ጥናቱ ኪንግዮ ነቡታ፣ በአኦሞሪ ልጆች የሚይዙት የቀይ ዓሣ ፋኖስ፣ ይመከራል። አጽሙን ቀድማችሁ ሥሩት፤ 15 ሰው ሽቦ ማሰር ከጀመረ ሁለት ሰዓቱ እዚያው ያልቃል። ወረቀቱ ይለጠፍ፣ የዓይኑና የቅርፊቱ መስመር በሱሚ ይሣል፣ በደንብ ይድረቅ፤ ያልደረቀ ሱሚ ላይ ሰም ካረፈ መስመሩን ይዞት ይሄዳል። ሰሙ ፓራፊን ነው፣ በኤሌክትሪክ ማቅለጫ፤ ራቁት እሳት አዳራሹ ውስጥ አይገባም። ትክክለኛው ሙቀት በዓይን ይታወቃል፦ ብሩሹ ሲነካ ወረቀቱ ወዲያው እንደ ቅባት የጠጣ ያሳልፋል፤ ከጀርባው ጣታችሁን ብታስጠጉ ጥላው ይታያል። ነጭ ሆኖ ከላይ ከቆመ ሰሙ ቀዝቅዟል፤ ቀለሙ ከሥሩ ሾልኮ ይገባል። ከመስመር አልፎ ከተንሰራፋ በጣም ግሏል። ከዚያ ቀዩ ቀለም በሰፊ ብሩሽ ይሄዳል፤ ሰሙ ባለበት አይይዝም፣ ሲበራም ያ መስመር ነጭ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ቀለም ሲቀቡ ውስጡ መብራት ይኑር፤ ሳይበራ ደማቅ የመሰለው ቀይ ሲበራ ሐመር ይሆናልና ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል።

ካንቶን በተመለከተ አንድ ቁጥር ልጨምር፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ትልቁ ዘንግ ከሆነ 12 ሜትር ያህል፣ 46 ፋኖስ፣ 50 ኪሎ ገደማ ነው። በአንድ ሰው መዳፍ፣ ግንባር፣ ትከሻና ወገብ ላይ የሚቆም መሆኑ ካልተጻፈ፣ ጎብኚው ምሰሶው መሬት ላይ የተተከለ ይመስለዋል።

---

ጉርድና_ማህተም

ጉምሩኩን በአጭሩ። ሥራዎቹ ሁሉ የሚመለሱ ከሆነ ኤቲኤ ካርኔ ይሻላል። ጃፓን ውስጥ የሚሰጠው የጃፓን የንግድ ግልግል ማኅበር ነው፤ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ይሠራል። ከወጣ በኋላ ዕቃ መጨመር አይቻልምና ክፈፎቹን፣ የብዮቡ መደገፊያውን፣ የፋኖሱን ትራንስፎርመር ሁሉ ቀድማችሁ በዝርዝሩ አስገቡ። እያንዳንዱ ሥራ ቁጥር፣ መጠን፣ ክብደትና ዋጋ ይኑረው፤ ያው ቁጥር በሥዕሉ ጀርባና በሣጥኑ ላይ ይጻፍ።

ኮሎኝና ፓሪስ በአንድ የአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ክልል ውስጥ ስለሆኑ መሐል ላይ ማህተም የለም፤ ሲገባ አንድ፣ ሲወጣ አንድ። መኪናው በስዊዘርላንድ የሚያልፍ ከሆነ ግን ለመተላለፊያው ሰማያዊ ቫውቸር ያስፈልጋል። ችግር የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ በመውጫው ነው፦ አጓጓዡ በሌሊት ያልፋል፣ የመውጫው ጉርድ ሳይታተም ይቀራል፣ ከወራት በኋላ ‘ዕቃው አልወጣም’ ተብሎ ቀረጥ ይጠየቃል። የጉርዱን ፎቶ ሾፌሩ ሳይነሣ ያው ቦታ ላይ እንዲልክላችሁ አድርጉ።

ካርኔ የማይሸፍነው የሚያልቅ ነገር ነው፦ የዐውደ ጥናቱ ወረቀት፣ ሰም፣ ቀለም፣ የሚታደል ካታሎግ። እነዚህን በሌላ ደረሰኝ ላኩ ወይም እዚያው ግዙ። ደረቅ ኒካዋ የእንስሳት ውጤት ስለሆነ ይዞ መግባቱ ጥያቄ ያስነሣል፤ ለዐውደ ጥናቱ ስታርች ይበቃችኋል፣ አትያዙት።

ሣጥኖቹ ከጣውላ ከሆኑ የአይኤስፒኤም 15 (የእንጨት ማሸጊያ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ማህተም ይኑራቸው፤ እንጨቱ ውስጡ ድረስ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መሞቁን የሚያረጋግጥ ነው። ፕላይውድ ነጻ ነው፤ ከሥሩ የምትመቱት የጣውላ እግር ግን ነጻ አይደለም፤ ሰው የሚረሳው ያንን ነው። የሙቀት ሕክምናው ባዶ ሣጥን ላይ ይሁን።

የጥቅልሎቹን ዘንግ ጫፍ ዛሬውኑ ፈትሹ። አሮጌ ጫፍ ተገዝቶ የተገጠመ ከሆነ የዝሆን ጥርስ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ሳይቲስ (ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት) ፈቃድ ድንበር ላይ ይያዛል፣ ካርኔውም አያድነውም። በሸክላ፣ በእንጨት ወይም በላከር ጫፍ አስቀይሩት። አሮጌ የሚመስል ጥቅልል ካለ ደግሞ የባህል ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከጃፓን የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ ማውጣት ክርክር ያስቀራል፤ ለአዲስ ሥራ አያስፈልግም።

---

ብሩሽ_ያዥ

የዘንጉን ጫፍ ዛሬ አየነው፤ አራቱ ሸክላ፣ አንዱ ግን ምን እንደሆነ አልታወቀም፤ እናስቀይረዋለን። አንድ ቀሪ ጥያቄ፦ ከ14ቱ ገበታዎች ሁለቱን የሚገዛ ሰው ቢገኝስ?

---

ጉርድና_ማህተም

ገዢ እንደሚኖር ከታሰበ ሁለቱን ከመጀመሪያው ከካርኔው አውጧቸውና በመደበኛ መንገድ አስገቧቸው። በእጅ የተሣለ ሥዕል (የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥር 9701) የአውሮፓ ኅብረት ቀረጥ የለበትም፤ የሚከፈለው ተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻ ነው፣ ሲገባ በፈረንሳይ 5.5 በመቶ፣ በጀርመን 7 በመቶ። በካርኔ ገብቶ ከተሸጠ ግን ዕቃውን ለገዢው ከማስረከባችሁ በፊት ጉምሩክ ሄዳችሁ ሁኔታውን ማስቀየርና መክፈል አለባችሁ፤ ከተሰጠ በኋላ ቅጣት ይከተላል።

ፋኖሱ ላይ ተጠንቀቁ፤ ጉምሩኩ ‘መብራት’ ብሎ ሊመድበው ይችላል። በዝርዝሩ ላይ ‘ፋኖስ’ ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። በሠዓሊዋ እጅ የተሠራና የተቀባ ነጠላ ሥራ መሆኑን፣ ቁሱን፣ የተሠራበትን ዓመት ጻፉ፤ አጽሙ ገና ወረቀት ሳይለብስ የተነሣ ፎቶ ካለም አያይዙ።